የጌም ኮንሶል ካሽ ስለማጽዳት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኮንሶል ሲንቀራፈፍ፣ ጨዋታ መሃል ላይ ሲዘጋ ወይም አዲስ ማሻሻያ አልጫን ሲል ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው ምክር «ካሹን አጽዳው» የሚል ነው። ምክሩ ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው። የሚያስቸግረው አብሮት የሚዞረው ወሬ ነው። አንዱ ያስቀመጥኸው ሁሉ ይጠፋል ብሎ ያስፈራራል፤ ሌላው ኮንሶሉ እንደ አዲስ ይሆናል ብሎ ያጓጓል፤ ሦስተኛው የት ተገብቶ ምን እንደሚጫን ሳይናገር ያልፋል። ከሦስቱ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የመጨረሻው ነው፤ ካሽ የሚያጸዳው ምርጫና ሁሉን የሚደመስሰው ምርጫ አንድ ዝርዝር ውስጥ ላይና ታች ሆነው የተቀመጡባቸው ኮንሶሎች አሉና።

ካሽ ማለት ኮንሶሉ ደጋግሞ የሚፈልገውን መረጃ በየጊዜው ከዲስክ ወይም ከኢንተርኔት ላለማምጣት ሲል አጠገቡ የሚያስቀምጠው ቅጂ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የመጀመሪያው ኤክስቦክስ ጥሩ ማሳያ ነው፤ ከ8 ጊጋባይት ሃርድ ዲስኩ ላይ እያንዳንዳቸው 750 ሜጋባይት የሆኑ ሦስት ክፍሎች ለዚህ ሥራ ተለይተውለት ነበር። ጨዋታው ከዲቪዲው ላይ የሚፈልገውን ወደዚያ ገልብጦ፣ ቀጥሎ ሲያስፈልገው ከሃርድ ዲስኩ በፍጥነት ያነበው ነበር። ቅጂው ቢጠፋ ዋናው ዲቪዲው ላይ አለ። ዛሬም አንድ ነገር ካሽ መሆኑን ስትጠራጠሩ ይህንኑ ጠይቁ፦ ዋናው ሌላ ቦታ አለ ወይ? ካለ ቢጸዳ አያሳስብም። ከሌለ እጃችሁን ሰብስቡ።

«ካሽ ከጸዳ ሴቭ ያደረግሁት ጨዋታ ይጠፋል»

አይጠፋም። ሴቭ የተደረገ ጨዋታ የእናንተ የብዙ ሰዓት ሥራ ነው፤ ክላውድ ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚደረስበት የኩባንያው ማከማቻ ላይ፣ ካልተጫነ በስተቀር ሌላ ዋና የለውም። ኮንሶል ሠሪዎችም ይህን ስለሚያውቁ ሴቭን ከካሽ ለይተው ያስቀምጡታል። ፕሌይስቴሽን 5 ላይ የሲስተሙን ካሽ ብታጸዱ፣ ኒንቴንዶ ስዊች ላይ «ሪሴት ካሽ» የሚለውን ብትጫኑ ጨዋታውም ሴቩም ባለበት ይቆያል።

ፍርሃቱ ግን ከባዶ ሜዳ አልተነሣም። ኤክስቦክስ 360 ላይ የሲስተም ካሽ ሲጸዳ የተጫኑ የጨዋታ ማሻሻያዎች አብረው ይጠፉ ነበር። ኢንተርኔት ያለው ሰው ጨዋታውን ሲከፍት ማሻሻያው መልሶ ይወርድለታል፤ ኢንተርኔት የሌለው ግን የታረመው ስሕተት ሁሉ ተመልሶ ሲመጣበት ጨዋታው የተበላሸ ይመስለዋል። ስዊች ላይም «ሪሴት ካሽ» ከድረ ገጽ ጋር የተያያዙ የተቀመጡ የይለፍ ቃላትን፣ ኩኪዎችንና የአሰሳ ታሪክን ያጠፋል። ስለዚህ ከመጫናችሁ በፊት የይለፍ ቃላችሁን ማስታወሳችሁን አረጋግጡ።

«የትኛውንም ኮንሶል የምናጸዳው በአንድ መንገድ ነው»

እውነተኛው አደጋ ያለው እዚህ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ካሽ የሚጸዳው ከሴፍ ሞድ፣ ማለትም ኮንሶሉ ለጥገና ብቻ ከሚከፈትበት ሁኔታ ነው። ኮንሶሉን ሙሉ በሙሉ አጥፉት። ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙ፤ ስትጫኑት አንድ ድምፅ፣ ከሰባት ሰከንድ ያህል በኋላ ደግሞ ሁለተኛ ድምፅ ትሰማላችሁ። በሁለተኛው ልቀቁ። ጆይስቲኩን በዩኤስቢ ገመድ አገናኙና መሃል ላይ ያለውን የፕሌይስቴሽን ቁልፍ ተጫኑ፤ ገመዱ ከሌለ ዝርዝሩን ማንቀሳቀስ አትችሉም። የምትፈልጉት ምርጫ በ5ኛ ተራ ቁጥር ላይ ነው። እሱን ስትከፍቱ ሁለት ነገር ይቀርብላችኋል፤ አንዱ የሲስተም ሶፍትዌሩን ካሽ ያጸዳል፣ ሌላው ዳታቤዙን እንደ አዲስ ይሠራል።

ከዚያው ሥር ያለው ቁጥር 6 ግን «ሪሴት» ነው፤ ጨዋታውን፣ ሴቩን፣ ተጠቃሚዎቹን ሁሉ ጠራርጎ ኮንሶሉን ከፋብሪካ እንደወጣ ያደርገዋል። ቁጥር 7ም ያንኑ አድርጎ ሶፍትዌሩን ጭምር እንደገና ይጭናል። ሁለቱንም ለመጨረሻ ተዋቸው። በችኮላና በተናደደ እጅ አንድ መስመር ብቻ ዝቅ ማለት የወራት ጨዋታ ሊያስከፍል ይችላል።

ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ሴፍ ሞድ የሚገባበት መንገድ ተመሳሳይ ነው፤ ነገር ግን ቁጥር 5 ዳታቤዝ መሥሪያ ብቻ ነው። ይህ ደግሞ ካሽ ከማጽዳት የተለየ ሥራ ነው፦ ኮንሶሉ ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ አይቶ የይዘቱን ዝርዝር እንደገና ይጽፋል። ብዙ ጨዋታ በተጫነበት ሃርድ ዲስክ ላይ ረጅም ጊዜ ሊወስድ ይችላል፤ ቆመ ብላችሁ ሶኬት አትንቀሉ። ሲጨርስ የጨዋታዎቹ ተራ ተቀይሮ ብታገኙት አትደንግጡ።

ኤክስቦክስ ዋንና ከእሱ በኋላ የመጡት ላይ ኤክስቦክስ 360 የነበረው ዓይነት አጠቃላይ የካሽ ማጽጃ ምርጫ የለም። ሰዎች ፍለጋ ሲወጡ የሚያገኙት ማከማቻ ውስጥ ያለውን «ክሊር ሎካል ሴቭድ ጌምስ» የሚለውን ነው፤ «ክሊር» የሚል ስላዩ ያ ይመስላቸዋል። እሱ የሚያጠፋው ኮንሶሉ ላይ ያለውን ሴቭ ነው። ክላውድ ላይ የተጫነው ተመልሶ ይወርዳል፤ ያለ ኢንተርኔት ስትጫወቱ ቆይታችሁ ገና ያልተጫነው ግን ሄደ ማለት ነው። ለብሉሬይ ዲስክ ለብቻው የተቀመጠ ማጽጃ አለ፤ ፊልም አልጫወት ሲል ይጠቅማል፣ ከጨዋታ ጋር አይገናኝም።

ስዊች ላይም «ሪሴት ካሽ» የሚገኘው ኮንሶሉን ሙሉ በሙሉ የሚደመስሰው «ኢኒሺያላይዝ ኮንሶል» ባለበት ገጽ ላይ ነው። የምትጫኑትን ቃል ሁለቴ አንብቡ።

«ሶኬቱን መንቀል ይበቃል»

ግማሹ እውነት ነው። ኮንሶል መረጃ የሚይዘው በሁለት ዓይነት ቦታ ነው። ራም የሚባለው ማስታወሻ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የያዘውን ሁሉ ይለቃል፤ ሃርድ ዲስክና ኤስኤስዲ ግን ለዓመታት ሳይነካ ያስቀምጣሉ። ሶኬት ስትነቅሉ የሚጸዳው ራሙ ነው። ብዙ እክሎች መነሻቸው ለቀናት ሳይዘጋ በቆየ ራም ውስጥ ስለሆነ ዘዴው መሥራቱ አያስገርምም። ፕሌይስቴሽን 5 ዲስኩ ላይ ያስቀመጠው የሲስተም ካሽ ግን ሶኬቱ ሌሊቱን ሙሉ ተነቅሎ ቢያድርም ጠዋት እዚያው ነው።

ዘዴው የሚሠራውም ኮንሶሉ በእርግጥ ከጠፋ ነው። ሬስት ሞድ ውስጥ ያለ ፕሌይስቴሽን የጠፋ ይመስላል እንጂ አልጠፋም፤ ብርቱካናማ መብራት ካያችሁ ገና ሥራ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ገመድ መንቀል፣ ያውም ሲጽፍ በነበረበት ቅጽበት ከሆነ፣ የምትፈሩትን የፋይል ብልሽት በራሳችሁ እጅ መፍጠር ነው። መጀመሪያ ከምናሌው አጥፉት፣ መብራቱ ጨርሶ ሲጠፋ ንቀሉ፣ ጥቂት ቆይታችሁ መልሳችሁ ሰኩ። ኤክስቦክስ ላይ የፊት ለፊቱን ቁልፍ ለ10 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል። ስዊች ደግሞ የራሱ ባትሪ ስላለው ገመድ መንቀል ምንም አይለውጥም፤ ቁልፉን ለ3 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ከሚመጣው ምርጫ አጥፉት። ደርቆ እምቢ ካለ ብቻ ለ12 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙት።

«ካሽ ሲጸዳ ጨዋታው ይፈጥናል»

የተበላሸ ቅጂ ምናሌውን አስሮት ከነበረ አዎን፣ ይፈታል። ከዚያ ውጭ የጨዋታው ምስል በሰከንድ የሚታደስበትን ብዛት የሚወስኑት ፕሮሰሰሩ፣ ግራፊክሱና ጨዋታው የተጻፈበት ብቃት ናቸው። «ሼደር ካሽ አጽዱ» የሚለው ምክር ከኮምፒውተር ዓለም የመጣ ነው፤ ሼደር ማለት የምስሉን ብርሃንና ቀለም የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ኮምፒውተር ላይ የግራፊክስ ካርዱ ከሰው ሰው ስለሚለያይ ሼደሮች እዚያው ማሽኑ ላይ ይዘጋጃሉ። የኮንሶል ሃርድዌር ግን አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ሠሪዎቹ ተዘጋጅተው ያለቁ ሼደሮችን ከጨዋታው ጋር ይልካሉ። እንዲያውም ካሽ በጸዳ ማግስት ኮንሶሉ ቅጂዎቹን እንደገና ሲያሰናዳ ትንሽ ሊዘገይ ይችላል። ኮንሶሉ እየጋለና ማራገቢያው እየጮኸ ከሆነ ደግሞ የሚጸዳው አቧራው ነው።

«ቦታ ሲሞላ ካሽ ማጽዳት ነው»

ጥቂት ነገር ሊለቅ ይችላል፤ ለአንድ ትልቅ ጨዋታ የሚሆን ቦታ ግን አትጠብቁ። መጀመሪያ የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ከ825 ጊጋባይቱ ለተጠቃሚው የሚተወው 667 ያህሉን ነው፤ የቀረው የሲስተሙ ስለሆነ በማጽዳት አይመለስም። የማትጫወቱትን ጨዋታና የተጠራቀመውን የቪዲዮ ቅጂ አጥፉ።

«በየሳምንቱ ቢጸዳ ለኮንሶሉ ጤና ነው»

አይደለም። ካሽ የተፈጠረው እንዲጠቅም ነው፤ በየጊዜው እየጣሉ እንደገና ማሠራት ትርፍ የለውም። ችግር ሲኖር ብቻ አጽዱ።

«ካሽ አጽድቼ ካልተስተካከለ ኮንሶሉ ሞቷል»

ብዙ ችግሮች ከካሽ ጋር ዝምድና የላቸውም። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ የገዛችሁት ጨዋታ የቁልፍ ምልክት ካሳየ ጉዳዩ የፈቃድ ነው፤ የአካውንት ማስተካከያ ውስጥ «ሪስቶር ላይሰንስስ» የሚለውን ተጫኑ። ኦንላይን ጨዋታ ብቻ እምቢ ካለ የኩባንያው ሰርቨር ወይም የቤታችሁ ኢንተርኔት ይታይ። አንድ ጨዋታ ብቻ የሚዘጋ ከሆነ እሱን ብቻ አጥፍታችሁ መልሳችሁ ጫኑ። ኮንሶሉ በተከፈተ ቁጥር ማከማቻውን እየጠገነ ከሆነ ወይም ሃርድ ዲስኩ እንግዳ ድምፅ ካሰማ ግን ዲስኩ ራሱ እየደከመ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ በማጽዳት ጊዜ አታባክኑ፣ ሴቫችሁን አትርፉ።

አተራረፉም ይለያያል። ፕሌይስቴሽን 4 ሴቭን ወደ ዩኤስቢ ፍላሽ መገልበጥ ይፈቅዳል። ፕሌይስቴሽን 5 ለራሱ ጨዋታዎች ይህን አይፈቅድም፤ አንዱ መንገድ በፕሌይስቴሽን ፕላስ አባልነት ወደ ክላውድ መጫን ነው። ስዊች ሴቭን የሚያኖረው በማይክሮ ኤስዲ ካርዱ ላይ ሳይሆን በራሱ ውስጣዊ ማከማቻ ነው፤ ካርዱን አውጥቶ ማስቀመጥ ሴቩን አያድንም። የክላውድ አገልግሎቱም አባልነት ይጠይቃል፣ የማይደግፉት ጨዋታዎችም አሉ። ቁጥር 6ን ለመጫን የግድ የምትሆኑበት ቀን ቢመጣ፣ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የምትሳሱለት ጨዋታ ክላውዱ ላይ መኖሩን በስሙ ፈልጋችሁ፣ መቼ እንደተጫነም አይታችሁ አረጋግጡ።