ስለ ድመት ማራባት የሚባለውና እውነታው

«የዘር ሐረጓ የጠራ ከሆነ ጤነኛ ናት።»

የዘር ሐረግ ወረቀቱ የሚናገረው ወላጆቿ እነማን እንደሆኑ ነው። ስለ ኩላሊቷ አንድም ቃል አይልም። በፐርሺያን ድመቶች ኩላሊት ላይ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች የሚያበቅል የዘር በሽታ አለ። ለማውረስ አንድ ወላጅ ይበቃል። ምልክቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው ድመቷ ደጋግማ ከወለደች በኋላ ነው። ደግነቱ ዛሬ ከማዳቀል በፊት በዲኤንኤ ምርመራ ማወቅ ይቻላል።

«ዘመዳሞችን የሚያዳቅል አርቢ የሚሠራውን አያውቅም።»

ብዙዎቹ በደንብ ያውቃሉ። አባትን ከልጅ፣ ወንድምን ከእህት ሲያዳቅሉ የሚፈልጉት መልክ ቶሎ ይጸናል፤ ግልገሎቹም እርስ በርስ ቁርጥ አንድ ዓይነት ይሆናሉ። ዋጋው የሚመጣው ቆይቶ ነው። ተደብቆ የኖረ ጎጂ ጂን ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ይገለጣል። ትውልድ በተቆጠረ ቁጥር የሚወለዱት ሊያንሱ፣ በሽታ የመቋቋም አቅማቸውም ሊደክም ይችላል። አሜሪካ ውስጥ የተራባው ፊተ አጭር የበርሚዝ ድመት ዝርያ ጥሩ ማሳያ ነው። ያ የተወደደው አጭር ፊት የመጣው ከአንድ የጂን ጉድለት ነው። ግልገሉ ጉድለቱን ከሁለቱም ወላጆች ከወረሰ ግን ጭንቅላቱ ተበላሽቶ ይወለዳል፤ አይተርፍም።

«እንግዲያው ባዳ ዘር ማስገባት ነው፤ ሁሉም ይስተካከላል።»

ብዙውን ያስተካክላል፤ የዘር ስብጥሩን ያሰፋልና። ግን ድመትም የደም ዓይነት አላት፤ ይህን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። የእናት ደም «ቢ»፣ የአባት «ኤ» ከሆነ ነገር ይበላሻል። ደማቸው «ኤ» የሆነ ግልገሎች ጤናማ ሆነው ይወለዳሉ፤ እንገሩን ሲጠቡ ግን በውስጡ ያለው ፀረ እንግዳ አካል ቀይ የደም ሕዋሳታቸውን ያፈርሳል። በቀናት ውስጥ ሊሞቱ ይችላሉ። በብሪቲሽ ሾርትሄርና በዴቨን ሬክስ ዝርያዎች «ቢ» ደም በርከት ስለሚል፣ የእነሱ አርቢ ሁለቱንም ወላጆች ደም አስመርምሮ ቢያዳቅል ይሻለዋል። ከሌላ ዝርያ ጋር ሲያዳቅል ደግሞ ይበልጥ።

«የጆሮ መታጠፍ ጌጥ ነው፤ ጉዳት የለውም።»

እዚህ ላይ እኔ አቋም አለኝ፤ ጆሯቸው የታጠፈ ድመቶች ባይዳቀሉ እመርጣለሁ። ጆሮው የታጠፈው የስኮቲሽ ፎልድ ዝርያ የተጀመረው በ1961 በስኮትላንድ ከተገኘች አንዲት ነጭ ድመት ነው። ጆሮን የሚያጥፈው ጂን የመላ ሰውነትን ልም አጥንት ያበላሻል። ጆሮው ካልታጠፈ ድመት ጋር ማዳቀል ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ጂኑን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰውም የመገጣጠሚያ ሕመም ሊይዘው ይችላል።

«ከዱር ድመት የተዳቀለ ይበልጥ ጠንካራ ነው።»

ጥንካሬው ቀርቶ መውለዱም ያስቸግራል። ሳቫና የተባለው ዝርያ የተገኘው የቤት ድመትን ሰርቫል ከተባለው የዱር ድመት በማዳቀል ነው። በመጀመሪያዎቹ ትውልዶች ወንዶቹ መካን ናቸው። ጠባያቸውም ለሁሉም ቤት አይሆንም።

«በቀዶ ሕክምና ከመመከኗ በፊት አንድ ጊዜ መውለድ አለባት።»

ለጤናዋ ምንም አይጨምርላትም። እንዲያውም ወንድ መፈለግ ሳትጀምር ብትመከን የጡት ካንሰር ስጋቷ በእጅጉ ይቀንሳል።

«የልጆቿ አባት ያዳቀልኳት ወንድ ነው።»

እውነት የሚሆነው የተገናኛት እሱ ብቻ ከሆነ ነው። ድመት እንቁላል የምትለቀው ብዙ ጊዜ ከወንድ ጋር ስትገናኝ ነው፤ በአንድ ሰሞን ከሁለት ወንድ ጋር ከተገናኘች በአንድ ጊዜ የወለደቻቸው ልጆች አባታቸው ሊለያይ ይችላል። ያን ሰሞን መስኮቱ ክፍት ከነበረ ወረቀቱ ላይ የአባት ስም ከመጻፍዎ በፊት ዲኤንኤ ያስመርምሩ።