ነጭ የሆነ ሰማይ ከሮው ፋይል ይመለሳል ወይ?

ይሄ ጥያቄ ሰሞኑን ተደጋግሟል፣ እስቲ አንዴ በደንብ እንየው። «በሮው ካነሳሁ ሰማዩ ይመለሳል» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ሮው (ካሜራው ሳያቀናብር የሚተወው ጥሬ ፋይል) የሚያስቀምጠው ሴንሰሩ፣ ማለትም የካሜራው ብርሃን ተቀባይ ክፍል፣ የያዘውን ብርሃን ነው፤ ያልያዘውን ከየትም አያመጣም።

ሴንሰሩ ላይ ያለችው እያንዳንዷ ነጥብ የምትቀበለው ብርሃን ልክ አለው። ነጥቦቹ ደግሞ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊን ለየብቻ ነው የሚለኩት። ሦስቱም ከሞሉ አለቀ፤ ሃይላይትን (በማቀናበሪያ ሶፍትዌሩ ላይ የብሩህ ቦታዎች ማስተካከያውን) የፈለጋችሁትን ያህል ብትቀንሱ የሚወጣው ደረቅ ግራጫ ነው። አንዱ ወይ ሁለቱ ከተረፉ ግን ሶፍትዌሩ ከተረፈው ተነስቶ የጎደለውን ይገምታል፣ የደመናው ቅርጽ ይመጣል፣ ቀለሙ ግን ሊዛባ ይችላል።

ለምሳሌ በቀትር ከቸርቺል ጎዳና ታች ሆናችሁ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ አነሳችሁ እንበል። ደመናው ካሜራው ስክሪን ላይ ብልጭ ድርግም እያለ «ተቃጥሏል» ይላችኋል። እባካችሁ ቶሎ አትሰርዙት! ማስጠንቀቂያው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰላው ከጄፔጉ (ካሜራው ራሱ አቀናብሮ ከሚያወጣው ምስል) ነው፣ ሮው ደግሞ ከጄፔጉ የበለጠ መረጃ ይይዛል፣ ስለዚህ ከስክሪኑ በላይ የተረፈ ነገር ሊኖር ይችላል። ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ መጀመሪያ ኤክስፖዠሩን (የምስሉን አጠቃላይ ብርሃን) ዝቅ አድርጉት። የደመናው ጠርዝ ብቅ ካለ ሃይላይቱን ቀንሱ፣ ከዚያ የጨለመውን ጎዳና በሻዶው (በጨለማ ቦታዎች ማስተካከያው) አንሱት።

ምን ያህል እንደሚመለስ ከካሜራ ካሜራ፣ ከሶፍትዌር ሶፍትዌር ይለያያል። የፀሐይዋ ክብ ራሷ ግን በየትኛውም አትመለስም።