የብስክሌት ኮምፒውተር ሠሪዎች ፉክክርና የደንበኞቻቸው ታማኝነት

የብስክሌት ኮምፒውተር በብስክሌት መሪ ላይ የሚታሰር አነስተኛ መሣሪያ ሲሆን፣ ለጋላቢው የጉዞውን ፍጥነት፣ ርቀትና ቆይታ ያሳያል፤ ዘመናዊዎቹ ደግሞ የልብ ምትን፣ በፔዳል ላይ የሚያርፈውን ኃይል በዋት፣ የዳገቱን ተዳፋት በመቶኛና የመንገዱን ካርታ ይጨምራሉ። ዛሬ በዚህ ገበያ ጎልተው የሚታዩት የአሜሪካዎቹ ጋርሚንና ዋሁ ናቸው፤ ሃመርሄድ፣ የታይዋኑ ብራይተንና የቻይናው አይጂፒስፖርትም በየፊናቸው ይፎካከሯቸዋል። አንድ ጋላቢ አንዴ ከመረጠው ስም ጋር ለዓመታት ሲቆይ ማየት የተለመደ ነው። የዚህ ታማኝነት መነሻ ከመሣሪያው ይልቅ በመሣሪያው ዙሪያ የተገነባው ነገር ነው፤ ይህ ጽሑፍም የሚያተኩረው በዚያ ላይ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1980ዎቹ የነበሩት የብስክሌት ኮምፒውተሮች አሠራራቸው ቀላል ነበር። በጎማው ራጂ ላይ ትንሽ ማግኔት ይታሰራል፤ ጎማው አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ማግኔቱ በአጠገቡ የተተከለውን ሴንሰር ያልፋል፤ መሣሪያውም የዙሮቹን ብዛት በጎማው መጠነ ዙሪያ አባዝቶ ርቀቱንና ፍጥነቱን ያወጣል። ባለቤቱ የጎማውን መጠነ ዙሪያ ከሰንጠረዥ ፈልጎ ራሱ ማስገባት ነበረበት፤ ለተለመደው የ700 በ25 ጎማ ወደ 2,105 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የጃፓኑ ካትአይ፣ የጀርመኑ ሲግማና የአሜሪካው አቮሴት በዚያ ዘመን የታወቁ ስሞች ነበሩ። ይሁንና ደንበኛውን ከአንዱ ስም ጋር የሚያስር ብዙ ነገር አልነበረም። መሣሪያው ሲበላሽ ባለቤቱ የሚያጣው ጥቂት የተጠራቀሙ ቁጥሮችን ብቻ ስለነበር፣ በቅርብ ሱቅ ያገኘውን ሌላ ገዝቶ ይቀጥላል። እነዚህ መሣሪያዎች ዛሬም አልጠፉም፤ በአንዲት የሰዓት ባትሪ ለረጅም ጊዜ ስለሚሠሩ፣ ፍጥነትና ርቀት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ምርጫ ማቅረብ ይከብዳል።

ነገሩን የለወጠው ጂፒኤስ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በግንቦት 2000 ለሲቪል ተጠቃሚዎች የሚደርሰውን የሳተላይት ምልክት ሆን ብሎ ማዛባቱን ሲያቆም፣ በእጅ የሚያዝ ተቀባይ መንገድን ከመንገድ ለመለየት የሚያስችል ጥራት አገኘ። ጋርሚን በ1989 በጋሪ በሬልና በሚን ካኦ በካንሳስ የተመሠረተ፣ ለአውሮፕላንና ለጀልባ መርከበኞች የጂፒኤስ መሣሪያ በመሥራት የታወቀ ኩባንያ ነበር፤ በ2005 ኤጅ 205ንና ኤጅ 305ን አስተዋውቆ ወደ ብስክሌት ዓለም ገባ። ከዚያ በኋላ የወሰደው እርምጃ ግን ከመሣሪያዎቹ ራሳቸው የበለጠ ውጤት ነበረው ማለት ይቻላል። በ2006 አንት የተባለውን አነስተኛ ኃይል የሚፈጅ የሬዲዮ ግንኙነት የፈጠረውን የካናዳውን ዳይናስትሪም ገዛ፤ ከዚህ የተገኘውን አንት ፕላስንም ሌሎች ሠሪዎች እንዲጠቀሙበት ክፍት አደረገው። በዚህ ምክንያት አንድ ጋላቢ ከአንዱ ሠሪ የልብ ምት መለኪያ፣ ከሌላው የኃይል መለኪያ ገዝቶ ከሦስተኛው ኮምፒውተር ጋር ማገናኘት ቻለ። ጋርሚን ገበያውን በሰፊው ሊይዝ የቻለበትም፣ በኋላ ተፎካካሪዎቹ ያለ ብዙ ችግር ሊገቡ የቻሉበትም በር ይኸው ነበር።

በዚያ በር በብርቱ የገባው ዋሁ ነው። በ2009 በአትላንታ በቺፕ ሆኪንስ የተመሠረተው ይህ ኩባንያ መጀመሪያ የታወቀው ስልክን ከሴንሰሮች ጋር በሚያገናኙ መለዋወጫዎችና በቤት ውስጥ መለማመጃው በኪከር ሲሆን፣ ኤለመንት የተባለውን ኮምፒውተሩን በ2016፣ አነስተኛውን ቦልት በ2017፣ ሮም የተባለውን ሞዴል በ2019 አወጣ። ዋሁ ያቀረበው ዋና መከራከሪያ ቅለት ነበር፤ ገጾቹ የሚስተካከሉት በመሣሪያው ላይ በዝርዝር ውስጥ በመመላለስ ሳይሆን በስልክ መተግበሪያ ነው፤ በጉዞ ላይም በላብና በዝናብ በረጠበ ጣት ወይም በጓንት የሚሠሩ ቁልፎች አሉት። በጋርሚን የቅንብር ብዛት የተሰላቹ ብዙዎች ወደዚህ ተሻገሩ። የጋርሚን ደጋፊዎች በበኩላቸው የካርታውን ስፋትና የሥልጠና ትንታኔውን ጥልቀት ይጠቅሳሉ። ክርክሩ እስከ ማሰሪያው ይወርዳል፤ ሁለቱም ኮምፒውተሮች ሩብ ዙር ተጠምዝዘው የሚቆለፉ ሲሆኑ፣ የአንዱ ጥርስ ከሌላው ማሰሪያ ጋር አይገጥምም። በየብስክሌቱ ማሰሪያ የተከለ ሰው ኮምፒውተር ሲለውጥ ሁሉንም መቀየር ወይም ማገጣጠሚያ መፈለግ አለበት።

የሃመርሄድ ታሪክ ለየት ያለ ትኩረት ይገባዋል፤ የደንበኛ ታማኝነት ከደንበኛው ቁጥጥር ውጭ በሆነ ውሳኔ እንዴት ሊጎዳ እንደሚችል በግልጽ ያሳያልና። ካሩ የተባለው ኮምፒውተሩ በአንድሮይድ ላይ የተሠራ፣ ጥርት ያለ ስክሪን ያለውና ሶፍትዌሩ ቶሎ ቶሎ የሚሻሻል በመሆኑ ተወዳጅነት አገኘ፤ የቱር ደ ፍራንስ የአራት ጊዜ አሸናፊው ክሪስ ፍሩምም በ2021 በኩባንያው ውስጥ ገንዘቡን አኖረ። በ2022 መጀመሪያ የማርሽና የፍሬን ዕቃ ሠሪው ስራም ሃመርሄድን መግዛቱ ታወቀ። በዚያው ዓመት የስራም ዋና ተፎካካሪ የሆነው ሺማኖ ዲአይ2 ከተባለው የኤሌክትሪክ ማርሹ ጋር የሚያገናኘው ሶፍትዌር ከካሩ እንዲወጣ አደረገ። መሣሪያውን ገንዘቡን ከፍሎ የገዛው ባለ ሺማኖ ጋላቢ አንድ ቀን ሶፍትዌሩን ሲያሻሽል በየትኛው ማርሽ ላይ እንዳለ የሚያሳየውን ቦታና በፍሬን መያዣው ላይ ባሉት ቁልፎች ገጽ የመቀየር ችሎታውን አጣ። በደንበኛው ላይ የደረሰው ይህ ጉዳት ተገቢ አልነበረም፤ በሁለት ኩባንያዎች ፉክክር ዕዳውን የከፈለው ሦስተኛው ወገን ነውና።

ከማሰሪያና ከማርሽ በላይ ግን ሰውን የሚይዘው የተጠራቀመ መዝገብ ነው። ለዓመታት ጋርሚን ኮኔክት በተባለው የጋርሚን የመረጃ ማከማቻ አገልግሎት ላይ ጉዞውን ያስቀመጠ ሰው የሥልጠና ጫናው፣ የማገገሚያ ጊዜውና የአቅሙ ግምት ሁሉ የሚሰላው ከዚያ ታሪክ ነው፤ በእጁ ያለው የዚያው ኩባንያ ሰዓት ከሆነ የሩጫውና የእንቅልፉ መረጃም ይጨመራል። ወደ ሌላ ሠሪ ሲሄድ ያለፉት ጉዞዎቹ ፋይሎች ሊተላለፉ ቢችሉም፣ ይህ ስሌት ግን ከነሙሉነቱ አብሮት አይሄድም። በአንጻሩ በ2009 የተመሠረተው ስትራቫ የተባለው የስፖርት እንቅስቃሴ መመዝገቢያ መተግበሪያ ከየትኛውም ኮምፒውተር የመጣን ጉዞ ስለሚቀበል፣ ብዙ ጋላቢዎች መዝገባቸውን ከመሣሪያ ሠሪው ነጻ በሆነ ቦታ እንዲያቆዩ አስችሏል። በሐምሌ 2020 የጋርሚን አገልግሎት በሳይበር ጥቃት ለቀናት ሲቋረጥ፣ ጋላቢዎች ፋይላቸውን በገመድ ከመሣሪያው አውጥተው በስትራቫ ላይ በእጃቸው ይጭኑ ነበር። ይሁን እንጂ ይህ መሃከለኛ ቦታም ከፉክክሩ ውጭ አይደለም፤ በ2025 ስትራቫ ጋርሚንን በፍርድ ቤት ከሶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ክሱን አንስቷል።

ባለሙያ ጋላቢዎች የሚይዙት ኮምፒውተር ለገዢ ጥሩ ማስረጃ አይደለም፤ በአብዛኛው የስፖንሰር ውል ውጤት ነው። ዋጋ ግን እውነተኛ ግፊት ያሳድራል። ጋርሚን ኤጅ 1050ን በ2024 በ700 ዶላር ሲያቀርብ፣ ሌላው ሠሪ ኮሮስ በዚያው ዓመት በፀሐይ ኃይል የሚታገዘውን ዱራን በ249 ዶላር አወጣ፤ የቻይና ሠሪዎች ደግሞ ካርታና የዳገት መመሪያ ያላቸውን ከዚያም በታች ይሸጣሉ። ዋሁም ከዕዳ ጋር ታግሎ በ2023 እንደገና ወደ መሥራቹ እጅ ተመልሷል።

ይህን ሁሉ ሲያስተሳስር የኖረው አንት ፕላስ ራሱ አሁን ወደ ፍጻሜው እየተቃረበ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በሬዲዮ መሣሪያዎች ላይ ያወጣው የመረጃ ደኅንነት ደንብ ሲመጣ፣ ጋርሚን የአንት ፕላስን የአባልነትና የማረጋገጫ አገልግሎት በሰኔ 2025 መጨረሻ ዘጋ። በሥራ ላይ ያሉት ሴንሰሮች መሥራታቸውን ይቀጥላሉ፤ አብዛኞቹ አዳዲሶችም በብሉቱዝ ጭምር ይገናኛሉ። አንድ የብሉቱዝ ሴንሰር በአንድ ጊዜ ሊያገናኛቸው የሚችላቸው መሣሪያዎች ቁጥር ግን ውስን ነው፤ የአንት ፕላስ ሴንሰር በአንጻሩ ምልክቱን በአካባቢው ላለ ተቀባይ ሁሉ ያሰራጫል። ስለዚህ አንድን የኃይል መለኪያ ከሰዓትም፣ ከኮምፒውተርም፣ ከቤት ውስጥ መለማመጃ ሶፍትዌርም ጋር ለማገናኘት የሚፈልግ ገዢ፣ ከኮምፒውተሩ ስም አስቀድሞ ሴንሰሩ ስንት ግንኙነት በአንድ ጊዜ እንደሚይዝ መጠየቅ ይኖርበታል።