«ተጫዋቾቹ ጠልተውታል!»፦ ስለ አሰልጣኞች ሹም ሽር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት ለእንግሊዝ አሰልጣኞች አይሠራም። እነሱ ሲሻሩም ይበላሉ፤ የቀረው የኮንትራት ገንዘባቸው ይታሰብላቸዋል። ቁጭቱ የሚተርፈው ለደጋፊው ነው። ከደብረ ማርቆስ እስከ ዳንግላ፣ ከሞጣ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ቅዳሜና እሑድ ኳስ የሚያሳይ ቤት ሁሉ የራሱ ጉባኤ አለው። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ግማሹ «ይባረር»፣ ግማሹ «ይታገሡት» ብሎ ይጀምራል፤ የቤቱ ባለቤት መብራት እስኪያጠፋ ድረስም አይበተንም። ክርክሩን እወደዋለሁ። የማልወደው እንደ ማስረጃ የሚቀርቡትን ነገሮች ነው፤ ከቤት ቤት ይዞራሉ እንጂ የሚመረምራቸው የለም። (ስለ አገራችን ቡድኖች ሳወራ ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በአውሮፓውያን ነው።)

«አሰልጣኝ ሲቀየር ቡድን ይነሣል»

ብዙ ጊዜ ይነሣል። ጥያቄው ባይቀየርስ አይነሣም ነበር ወይ የሚለው ነው። ክለብ አሰልጣኙን የሚያሰናብተው ውጤቱ እጅግ በከፋበት ሰዓት ነው። በተከታታይ አምስት ጨዋታ የተሸነፈ ቡድን ከድክመቱ ሌላ ዕድልም ፊቷን አዙራበታለች፤ አግዳሚ የመለሰው ኳስ፣ የዳኛ ስህተት፣ የአጥቂ ጉዳት ተደራርበውበታል። እነዚህ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አይደራረቡም። ባስ ተር ዌል የተባለ የኔዘርላንድስ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ከ1986 እስከ 2004 የነበረውን የአገሩን ሊግ መርምሮ ያገኘው ይህንኑ ነው። አሰልጣኛቸውን ያባረሩ ክለቦች አገገሙ፤ በተመሳሳይ ውድቀት ውስጥ ሆነው አሰልጣኛቸውን ያቆዩትም እንደዚያው አገገሙ። ልዩነቱ አንዱ ካሳ መክፈሉ ነው።

ኦሌ ጉናር ሶልሻየር በ2018 መጨረሻ በማንቸስተር ዩናይትድ ጆዜ ሞሪንሆን ተክተው የመጀመሪያዎቹን ስምንት ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፉ። የዩናይትድ ደጋፊ ሁሉ «ችግሩ ሞሪንሆ ነበሩ» አለ፤ ክለቡም ሶልሻየርን ቋሚ አሰልጣኝ አደረጋቸው። በዚያው የውድድር ዘመን የመጨረሻ ጨዋታ ዩናይትድ በገዛ ሜዳው፣ መውረዱን ቀድሞ ባረጋገጠው ካርዲፍ 2 ለ 0 ተሸነፈና ስድስተኛ ሆኖ ጨረሰ።

ቼልሲን የሚጠቅስ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ሮቤርቶ ዲ ማቴዮ በ2012፣ ቶማስ ቱኸል በ2021፣ ሁለቱም በውድድር ዘመን መሀል መጥተው የሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ አንሥተዋል። ግን ዲ ማቴዮ የተረከቡት ድሮግባ፣ ቼክና ላምፓርድ ያሉበትን ቡድን ነበር። ስብስቡ ከተቀመጠበት ደረጃ በላይ ሲሆን ለውጥ ይሠራል፤ ስብስቡ ራሱ ደካማ ከሆነ አዲሱ ሰው የሚያመጣው አዲስ ኮት ብቻ ነው። ዲ ማቴዮም ዋንጫውን ባነሡ በስድስት ወር ገደማ ተሰናበቱ።

«ተጫዋቹ ራሱ ተናግሯል፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?»

የጉባኤው እምብርት ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም ማለት ይገባል። ትዕይንቱ በየከተማው አንድ ነው። አንድ ወጣት ስልኩን ከፍ አድርጎ፣ ክርስቲያኖ ሮናልዶ ስለ ያኔው የዩናይትድ አሰልጣኙ ስለ ኤሪክ ቴን ሃግ የተናገረውን ጮክ ብሎ ያነባል፦ አያከብረኝምና አላከብረውም። ቤቱ ይናጋል። ከኋለኛው አግዳሚ ጋቢ የደረቡ አንድ ሰው ቀስ ብለው ይጠይቃሉ።

«ልጄ፣ ይህን ሲል የት ተቀምጦ ነበር?»

«ቴሌቪዥን ላይ ነዋ ጋሼ፣ ቃለ መጠይቅ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅሁህ። ሜዳ ውስጥ ነበር ወይስ ተቀያሪ ወንበር ላይ?»

ከዚህ የተሻለ ጥያቄ በስፖርት ጋዜጠኞችም ዘንድ ብዙ አይሰማም። ሮናልዶ ያን ቃለ መጠይቅ የሰጠው በ2022 ኅዳር ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ከቶተንሃም ጋር በነበረው ጨዋታ ተቀይሮ አልገባም ብሎ ፊሽካው ሳይነፋ ወደ መልበሻ ክፍል ሄዷል፤ በዚያም ምክንያት ለቼልሲው ጨዋታ ከስብስቡ ውጪ ተደርጓል። ዋሸ ማለቴ አይደለም። የሚያወራው ከሁሉ በፊት ስለ ራሱ ቦታ ነው። በየሳምንቱ የሚሰለፉት አሥራ አንዱ ያን ዕለት የሚያጉረመርሙበት ምክንያት አልነበራቸውም፤ ስላላጉረመረሙም ማንም አልጠቀሳቸውም።

የሌላው የዩናይትድ ተጫዋች የጄደን ሳንቾም ነገር እንዲሁ ነው። በ2023 መስከረም ከአርሴናሉ ጨዋታ ስብስብ ውጪ ሲደረግ ቴን ሃግ ምክንያቱ የልምምድ ብቃቱ መሆኑን ተናገሩ፤ ልጁ በማኅበራዊ ገጹ አስተባበለ፣ የጥፋት ማላከኪያ ሆኛለሁ አለ። ከዋናው ቡድን ተገልሎ ቆይቶ ጥር ላይ በውሰት ወደ ዶርትሙንድ ሄደና የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ተጫወተ። ያኔ «አያችሁ፣ ጥፋቱ የአሰልጣኙ ነበር» ያልተባለበት ቤት አልነበረም። ታሪኩ ግን እዚያ አላበቃም። በቀጣዩ ዓመት ቼልሲ በውሰት ወሰደውና ከመግዛት ይልቅ ቅጣት ከፍሎ መለሰው። ቴን ሃግ ጠባያቸው ከሯል ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ሳንቾን ብቸኛ ምስክር አድርጎ ማቅረብ ግን አይቻልም።

ምስጋናውም ከሐሜቱ የተሻለ ማስረጃ አይደለም። ነገ የአሰላለፍ ዝርዝር የሚያወጣውን ሰው ዛሬ የሚያማ ተጫዋች የት አለ? አዲስ አሰልጣኝ በገባ ቁጥር «አሁን ነፃነት ተሰማን፣ ልምምዱ ተሻሻለ» ይባላል፤ ይህ የደንብ ሰላምታ ነው እንጂ የምርመራ ውጤት አይደለም። ከልብ የመነጨ ምስጋና ቢሆንም እንኳ አለቃውን አያስገድድም። በ2015 የሪያል ማድሪድ ተጫዋቾች ካርሎ አንቸሎቲን ይወዷቸው ነበር፤ ሮናልዶ በሚቀጥለውም ዓመት አብረን እንድንሠራ ተስፋ አደርጋለሁ ብሎ በይፋ ጽፏል። ፕሬዚዳንቱ ፍሎሬንቲኖ ፔሬዝ ከዓመት በፊት አሥረኛውን የአውሮፓ ዋንጫ ያመጡላቸውን እኚህን ሰው አሰናበቱ። የመልበሻ ክፍል ድምፅ ይሰጣል፤ ፊርማው ግን ሌላ ቢሮ ነው።

ለእኔ ክብደት ያለው ምስክርነት አንድ ዓይነት ነው፦ አሰልጣኙ ያላሰለፈው ተጫዋች ሲያመሰግነው፣ ወይም በየሳምንቱ የሚሰለፈው ሲወቅሰው። ሁለቱም ጥቅሙን የሚጻረር ነገር ተናግሯልና ጆሮ ይገባዋል።

«ሆን ብለው ነው የተሸነፉበት»

በ2015 ታኅሣሥ ቼልሲ ሞሪንሆን ሲያሰናብት የሊጉ ሻምፒዮን ሆኖ ሳለ 16ኛ ደረጃ ላይ ነበር። ሞሪንሆ በሌስተር ከተሸነፉ በኋላ ሥራዬ ተከድቷል ዓይነት ንግግር አደረጉ፤ የክለቡ የቴክኒክ ዳይሬክተር ማይክል ኤሜናሎም በአሰልጣኙና በተጫዋቾች መካከል ግልጽ አለመግባባት እንዳለ አመኑ። ከዚያ ወዲህ «ኤደን ሃዛርድ ሆን ብሎ ነው የቦዘነው» የሚለው እንደ ታሪክ ይነገራል።

ይህን የሚል ሰው አንድ ነገር ያስረዳኝ። ሃዛርድ ከዚያ በፊት በነበረው የውድድር ዘመን የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተሸለመ ሰው ነው። ሞሪንሆን ለማስባረር ከቦዘነ፣ ሞሪንሆ በሄዱ ማግስት መንቃት ነበረበት። እሱ ግን በዚያ የውድድር ዘመን የመጀመሪያውን የሊግ ግብ ያስቆጠረው በሚያዝያ፣ በቦርንማውዝ ላይ ነው። ታኅሣሥ የተባረረን ሰው ሚያዝያ ድረስ የሚበቀል ተጫዋች አላየሁም። ጉዳት፣ ድካምና የጠፋ በራስ መተማመን ከሴራው ይልቅ የሚታመኑ ምክንያቶች ናቸው፤ ችግራቸው ለወሬ አለመጣፈጣቸው ነው።

አለመግባባት ቡድንን አይጎዳም እያልኩ አይደለም። ሰው በመሪው ላይ እምነት ሲያጣ ኳስ ሲነጠቅ ወደ ኋላ የሚሮጠው አንድ እርምጃ ዘግይቶ ነው፤ በዚያ ደረጃ ደግሞ አንድ እርምጃ ግብ ነው። ይህ ግን ተመካክሮ ከመሸነፍ ይለያል።

«ዋንጫ ያነሣ አይነካም»

ሉዊ ቫን ሃል በ2016 የኤፍኤ ዋንጫን አንሥተው በሁለተኛው ቀን ተሰናበቱ። አንጌ ፖስቴኮግሉ በ2025 ቶተንሃምን የዩሮፓ ሊግ ባለድል አድርገው በሳምንታት ውስጥ ተሸኙ፤ በሊጉ 17ኛ ሆነው ጨርሰዋልና። ክላውዲዮ ራኒየሪ ሌስተርን ሻምፒዮን ባደረጉ ዓመት ሳይሞላቸው ነው የሄዱት። ይበቃል።

«ፈርጉሰንን ታግሠው የለ!»

«ይታገሡት» የሚለው ወገን ትልቁ መሣሪያ ይህ ነው፤ እውነትም አለው። ሰር አሌክስ ፈርጉሰን በ1986 ወደ ዩናይትድ መጥተው የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሡት በ1990፣ የመጀመሪያውን ሊግ ያሸነፉት በ1993 ነው። ለአርሴናል ወገኖች ደግሞ ሚኬል አርቴታ አሉ። ሁለት ጊዜ ስምንተኛ ሆነው፣ የ2021/22ን የውድድር ዘመን የመጀመሪያ ሦስት ጨዋታዎች አንድም ግብ ሳያስቆጥሩ ተሸንፈው ግርጌ ላይ ተቀምጠው፣ ከዚያ ከ2023 እስከ 2025 በተከታታይ ሁለተኛ ጨርሰዋል።

ነገር ግን ትዕግሥት ፍሬ ያፈራባቸውን ብቻ ቆጥሮ ያላፈራባቸውን መርሳት ራስን መሸንገል ነው። ዩናይትድ በ2024 ክረምት፣ የኤፍኤ ዋንጫው ስላስደሰተው፣ የቴን ሃግን ኮንትራት አራዘመ፤ አራት ወር ሳይሞላ ጥቅምት ላይ አሰናበታቸው። ያ ትዕግሥት ጊዜም ገንዘብም አስበላ። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ከደረጃ ሰንጠረዡ ማንበብ አይቻልም። ፈርጉሰን ሲሸነፉም ወጣቶችን ከሥር እያሳደጉ ነበር፤ አርቴታም አዛውንቶቹን እየሸኙ ቡድኑን በወጣቶች እየገነቡ ነበር። አሰልጣኙ በክፉ ቀን ምን እየሠራ ነው? ለዚህ መልስ ያለው ይታገሥ፤ የሌለው የፈርጉሰንን ስም አይጥራ።

«በጋራ ስምምነት ተለያዩ ማለት ራሱ ለቀቀ ማለት ነው»

አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ክለቡ ሊያባርር፣ አሰልጣኙ ደግሞ ካሳ ሊያስከፍል ይችል ነበር፤ በአንድ የገንዘብ መጠን ተስማምተው ሁለቱም ክብራቸውን ጠብቀው ወጡ ማለት ነው። በገዛ ፈቃዱ ጥሎ የሚሄድ ካሳውንም ጥሎ ይሄዳል፤ ስለዚህ ጥቂት ናቸው።

«ለእኛ ቡድን የሚያስፈልገው የውጭ አሰልጣኝ ነው»

ይህን ሞክረነዋል። ሰውነት ቢሻው ከ31 ዓመት በኋላ ዋልያዎቹን ለአፍሪካ ዋንጫ አበቁ፤ ለዓለም ዋንጫም እስከ መጨረሻው የደርሶ መልስ ጨዋታ ወሰዱ። በ2006 ተሰናበቱና ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጡ። ቡድኑ ለቀጣዩ የአፍሪካ ዋንጫ ሳያልፍ ቀረ፤ እሳቸውም በ2007 ተሸኙ። በሰውነት ዘመን ከቦትስዋና ላይ የተቀነሰብንን ሦስት ነጥብ ደግሞ ምንም አሰልጣኝ አያድነውም ነበር፤ ሁለት ቢጫ ካርድ ያለበትን ምንያህል ተሾመን ማሰለፍ የመዝገብ ስህተት ነው፣ ፌዴሬሽኑም አምኗል።

የባሕር ዳር ሰው ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አለው። በኅዳር 2012 ዋልያዎቹ አይቮሪ ኮስትን 2 ለ 1 ያሸነፉት በባሕር ዳር ስታዲየም፣ በኢንስትራክተር አብርሃም መብራቱ ሥር ነው። ከዚያ አሰልጣኙ ተቀየሩ፤ በመጋቢት 2013 ማዳጋስካርን 4 ለ 0 የረታው ቡድን በዚያው ሜዳ በውበቱ አባተ ይመራ ነበር። ለካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ ካሳለፉን ዘጠኝ ነጥቦች ሦስቱ የአብርሃም፣ ስድስቱ የውበቱ ናቸው፤ ዘጠኙም በሜዳችን የተገኙ ናቸው። «ያሳለፈን እሱ ነው» የሚል ማንም ይሁን ማን ግማሹን ይረሳል። ባሕር ዳር ከተማም በ2015 የሊጉ ሁለተኛ የሆነው በአገር ልጅ፣ በደግአረገ ይግዛው ነው።

የሜዳው ነገር ከተነሣ፣ በ2014 ካፍ ስታዲየሙ መስፈርቱን አያሟላም አለ። ዋልያዎቹም ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፉበትን «የሜዳቸውን» ጨዋታ ያደረጉት ማላዊ ውስጥ ነው። በ2015 ውበቱ ሄዱ፤ ከእሳቸው በኋላ የመጡት ገብረመድኅን ኃይሌም የዓለም ዋንጫ ማጣሪያውን «በሜዳቸው» ሲጀምሩ ሞሮኮ ነበሩ፤ አሰልጣኝ መቀየር ሜዳ አያመጣም።