በጅማ የጉልበታም መኪና የፍሬን ሸራ አመራረጥ

የፍሬን ሸራ፣ በብዙ ጋራዦች ፍሬን ፓድ የሚባለው፣ ከብረት ገበታ ላይ የተጣበቀ የሰበቃ ቁስ ሲሆን፣ ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ በካሊፐሩ (ዲስኩን አቅፎ ሸራዎቹን በያዘው ክፍል) ፒስተን እየተገፋ የሚሽከረከረውን ዲስክ ከግራና ከቀኝ ይጨብጣል። የመኪናው ፍጥነት ወደ ሙቀት የሚለወጠው በዚህ ጭበጣ ላይ ስለሆነ፣ ሸራ የሚመረጠው በሞተሩ ጉልበት ወይም በዋጋው ሳይሆን በሚደርስበት ሙቀት ልክ ነው። በጅማ ለውድድር ተብሎ የተሠራ የስፖርት መኪና ብርቅ ነው፤ ቱርቦ ሞተር የተገጠመላቸው የቤት መኪኖች፣ የቆዩ የጀርመን ሴዳኖችና ትልቅ ሞተር ያላቸው ላንድክሩዘሮች ግን አሉ፤ የሸራ ጥያቄ በብዛት የሚነሣውም በእነዚህ ነው።

የሸራ ታሪክ ከመኪና ታሪክ ጋር አብሮ ይሄዳል። እንግሊዛዊው ኸርበርት ፍሩድ በኋላ ፌሮዶ የተባለውን የሰበቃ ቁስ ሥራ የጀመረው በ1897 እ.ኤ.አ. ነበር። የዲስክ ፍሬን ስም የገነነው ደግሞ በ1953 እ.ኤ.አ. የደንሎፕ ዲስክ የተገጠመለት ጃጓር የሌ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር ሲያሸንፍ ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት በሸራ ውስጥ ዋናው ቁስ አስቤስቶስ ሆኖ ቆይቶ፣ ብናኙ ካንሰር እንደሚያስከትል ከታወቀ በኋላ በብዙ አገሮች ተከልክሏል። ዛሬም ቢሆን የቆየ ሸራ ሲፈታ ብናኙን በኮምፕሬሰር አየር ማጥራት መጥፎ ልማድ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው አስፋልት በሰርቦ፣ በአሰንዳቦና በሰኮሩ አልፎ ወደ ጊቤ በረሃ ይወርዳል፤ ወንዙ ያለበት ስፍራ ከባሕር ወለል 1,100 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ስለሚል ቁልቁለቱ ረጅም ነው፤ ከወልቂጤ በኩል ለሚመጣም እንደዚያው። ይህ ለሸራ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር ማየት ይቻላል። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየሄደ በአንድ ጊዜ ሲቆም 580 ኪሎ ጁል የሚጠጋ ሙቀት ይፈጠራል። ያው መኪና ፍጥነቱን ሳይጨምር 500 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀቀው ኃይል ግን ከ7,300 ኪሎ ጁል ያልፋል፤ ከ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ተነሥቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ከመቆም ይበልጣል ማለት ነው። ከዚህ ከፊሉን ነፋሱ፣ ጎማውና ሞተሩ ይወስዱታል፤ ሾፌሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ነጻ አድርጎ ከወረደ ግን የሞተሩ ድርሻ ይቀርና የተረፈው ሁሉ በሸራውና በዲስኩ ላይ ይወድቃል። የጊቤ ቁልቁለት የሸራውን የሙቀት ጣሪያ የሚፈትን በመሆኑ፣ በከተማ ውስጥ ምንም ያልጎደለበት ሸራ እዚያ ሲደርስ ሊከዳ ይችላል።

ከፍታው ራሱም ድርሻ አለው። በአብዛኞቹ የነዳጅ መኪኖች ፔዳሉን የሚያቀልለው ሰርቮ የሚሠራው በውጭው አየር ግፊትና ከሞተሩ በሚያገኘው ዝቅተኛ ግፊት (ቫኪዩም) መካከል ባለው ልዩነት ነው። በጅማ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚያንስ የሰርቮው እገዛም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ገና በቀዝቃዛው የማይጨብጥ ሸራ እዚህ ይበልጥ ያደክማል። ዝናቡንም መርሳት አይገባም። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ የሚወርድባት አካባቢ ናት፤ ክረምቱ ሲጠና የገጠር መንገዱ ቀይ ጭቃ በካሊፐሩ ተንሸራታች ፒኖች ዙሪያ ገብቶ ይደርቃል።

ገበያ ላይ የሚገኙት ሸራዎች በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ናቸው። ኦርጋኒክ የሚባለው ከቃጫ፣ ከጎማና ከሙጫ የተቀመመ ሲሆን፣ ጸጥ ያለ፣ ለዲስክ የማይጎዳ፣ በቀዝቃዛው ቶሎ የሚይዝ ነው፤ ሲግል ግን ሙጫው ጋዝ እየለቀቀ መያዙ ስለሚላላ ለረጅም ቁልቁለት አይታመንም። ከፊል ብረት ያለው ሸራ በክብደቱ ከ30 እስከ 65 በመቶ ድረስ የብረት ቃጫና ብናኝ ሊይዝ ይችላል፤ ሙቀትን ይችላል፣ በከፍተኛ ፍጥነትም ጠንካራ ነው፤ በአንጻሩ ይጮኻል፣ ቸርኬውን በጥቁር ብናኝ ይሸፍናል፣ ዲስኩንም ቶሎ ይበላል። ሴራሚኩ በጸጥታውና በንጽህናው የሚወደድ ሲሆን ለከተማ ሥራ ጥሩ ምርጫ ነው፤ «ሴራሚክ» ተብሎ ስለተጻፈበት ብቻ ከብረታማው ይልቅ ሙቀት ይችላል የሚለው እምነት ግን ስህተት ነው። ከእነዚህ ውጭ የውድድር ሸራ አለ። ብዙዎቹ የውድድር ሸራዎች ሥራቸውን በሚገባ የሚጀምሩት ከጋሉ በኋላ ነው፤ ጠዋት በጅማ ውስጥ ከመንጢና ተነሥቶ መርካቶ እስኪደርስ ባጃጅ በድንገት ፊቱ ለሚገባበት ሾፌር የመጀመሪያው ረገጣ ራሱ መያዝ ስላለበት፣ እንዲህ ያለው ሸራ ለጅማ መንገድ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ከሦስቱ መካከል ለጉልበታም መኪና ሚዛኑን የሚደፋው፣ በእኔ ግምት፣ በታወቀ አምራች የተሠራና ለመንገድ የተፈቀደ ከፊል ብረት ያለው ሸራ ነው፤ ጩኸቱ የሚታገሡት ነገር ነው።

የሸራው ጠርዝ ወይም የጀርባው ብረት ብዙ ጊዜ ይናገራል። በአሜሪካ ልማድ የሚታተሙት ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት የሰበቃውን መጠን ያመለክታሉ፤ የመጀመሪያው በተለመደ ሙቀት፣ ሁለተኛው ሲግል ያለውን። «ኢ» ከ0.25 እስከ 0.35፣ «ኤፍ» ከ0.35 እስከ 0.45፣ «ጂ» ደግሞ ከ0.45 እስከ 0.55 ነው። ሁለተኛው ፊደል ከመጀመሪያው ዝቅ ካለ ሸራው ሲግል ይላላል ማለት ስለሆነ፣ «ጂኢ» የተጻፈበት ከ«ኤፍኤፍ» ይሻላል ብሎ መግዛት በቁልቁለት ላይ ያሳፍራል። በአውሮፓ በኩል ያለው ምልክት በክብ ውስጥ የተጻፈ «ኢ» ከአገር ቁጥር ጋር ሲሆን፣ አብሮት ቁጥር 90 ካለ ሸራው በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ ቁጥር 90 ተፈትኗል፤ ደንቡ የምትኩ ሸራ አያያዝ ከፋብሪካው ሸራ ከ15 በመቶ በላይ እንዳይርቅ ያዛል። ፊደላቱ ጥራትን ወይም ዕድሜን አይመሰክሩም፤ ምንም ጽሑፍ የሌለበት ሸራ ግን ካርቶኑ ምንም ያህል ቢያምር ባይገዛ ይመረጣል።

በመለዋወጫ ሱቅ በመኪናው ስም ብቻ መጠየቅ አያዋጣም፤ አንድ ሞዴል እንደ ሞተሩና እንደ ተሠራበት ዓመት ሁለት ሦስት ዓይነት ካሊፐር ሊኖረው ይችላል። የሻንሲ ቁጥሩን ይዞ፣ የተፈታውንም አሮጌ ሸራ አስከትሎ መሄድ ይሻላል። ባንኮኒው ላይ አሮጌው በአዲሱ ላይ ሲነባበር የጀርባው ብረት ቅርጽ፣ የጆሮዎቹ ስፋትና ሸራው ሲያልቅ እየጮኸች የምታስጠነቅቀው ቀጭን ብረት አቀማመጥ መግጠም አለባቸው። ብረቱ ከሸራው ጋር የተጣበቀበት መስመር ላይ ስንጥቅ ወይም ክፍተት ከታየ ይመለስ። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ሲል ቃሉን ከማመን በፊት በካርቶኑ ያለው የመለዋወጫ ቁጥር በብረቱ ላይ ከተመታው ጋር አንድ መሆኑን ማየት አይከብድም።

አሮጌው ሸራ ራሱ ምስክር ነው። የአዲስ ሸራ የሰበቃ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ይቀየራል። የውስጠኛው አልቆ የውጪው ገና ከሆነ ጭቃው ፒኑን አድርቆታል፤ ፒኑ ሳይጸዳና ለፍሬን የተሠራ ግሪስ ሳይቀባ አዲስ ሸራ ቢገባ በጥቂት ወራት ያው ይደገማል። ፊቱ እንደ መስታወት ያብለጨለጨ፣ ዲስኩም ሰማያዊ ነጠብጣብ የያዘ ከሆነ የቀድሞው ሸራ ለሙቀቱ አልበቃም፤ ደረጃው ከፍ ያለ ሸራ የሚያስፈልገው እንዲህ ላለው መኪና ነው። ዲስኩ በካሊብሮ ተለክቶ ጠርዙ ላይ ከተቀረጸው ዝቅተኛ ውፍረት ካላነሰ ቶርኖ ቤት ሊስተካከል ይችላል፤ ካነሰ ግን አዲስ ይገዛል፤ የሳሳ ዲስክ ሙቀት የመያዝ አቅሙም ያንሳልና።

ሸራ ምንጊዜም የሚቀየረው በአንድ አክስል ላይ ላሉት ለሁለቱም ጎማዎች በአንድ ላይ ነው። ከተገጠመ በኋላ ከከተማው ወጣ ባለ፣ ጭር ባለ መንገድ ላይ ከ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወደ 15 ገደማ ስምንት ወይም አሥር ጊዜ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያም ፍሬን ሳይነኩ ጥቂት ነድቶ ማብረድ ሸራውን ከዲስኩ ጋር ያላምደዋል፤ አምራቹ የራሱን አካሄድ ካዘዘ እሱ ይቀድማል።

የፍሬን ዘይት ከሸራው ጋር አብሮ መታሰብ አለበት። ዘይቱ እርጥበት ይስባል፤ ዶት 3 የሚባለው ደረጃ አዲስ ሳለ እስከ 205፣ ዶት 4 እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ እንዲቆይ ሲጠበቅ፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መለኪያው ወደ 140ና 155 ይወርዳል። ሙቀት የሚችል ሸራ የተገጠመለት መኪና ዘይቱ አሮጌ ከሆነ በቁልቁለት መሐል ዘይቱ ይፈላና ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርዳል፤ በየሁለት ዓመቱ መቀየሩ ለዚህ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስለተከለከለ እየበዙ የመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች በአንጻሩ ፍጥነታቸውን በሞተራቸው ስለሚቀንሱ ሸራቸው ቶሎ አያልቅም፤ በእነሱ ላይ የሚያስቸግረው በዝናብ ወራት ብዙ ሳይረገጥ የሚቆየው ዲስክ የሚያወጣው ዝገትና የፒኖቹ መድረቅ ነው።