«የምግብ መክፈቻ ስጪኝ»፦ ስለ አኖሬክሲያ ከፋርማሲ ባንኮኒ ኋላ የምሰማቸው ስህተቶች

ድሬ ዳዋ፣ ግንቦት፣ ቀን ሰባት ሰዓት። ከዚራ ሰፈር ሰው የለም፤ ባጃጆቹ ሳይቀሩ ዛፍ ጥላ ሥር ተኝተዋል። የፋርማሲው ቬንትሌተር የሚያዞረው ትኩስ አየር ነው። አንዲት እናት ልጇን ይዛ ገባች። ልጅቷ ወፍራም ሹራብ ለብሳለች። እጅጌውን እስከ ጣቶቿ ስባዋለች።

«የምግብ ፍላጎት የሚከፍት ሽሮፕ ስጪኝ አቦ፤ እህል እምቢ ብላኛለች» አለችኝ እናትየው። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አይታወቅም፤ እኔም «አንቺ» እያልኩ ነው የማወራት።

ልጅቷ ውሃ ልትቀበለኝ እጇን ስትዘረጋ እጅጌው ሸሸ። ጥፍሮቿ ሰማያዊ ሆነዋል። ክንዷ ላይ እንደ ጨቅላ ሕፃን ያለ ስስ ጸጉር በቅሏል። ሽሮፑን ከመደርደሪያ አላወረድኩም። ወንበር አወጣሁላቸው።

ከዚያ ወዲህ ስለ አኖሬክሲያ የሚባለውን በጆሮዬ መልቀም ጀመርኩ። ለማያውቀው፣ አኖሬክሲያ ሰው መወፈርን እጅግ ከመፍራቱ የተነሳ ራሱን የሚያስርብበት የአእምሮ ሕመም ነው። ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ የያዙትን ሰው በብዛት ከሚገድሉት አንዱም ነው። ታሪኮቹን ከሁለት ሦስት ሰው ቀላቅያቸዋለሁና ማን እንደሆነ ለማወቅ አትድከሙ።

«የምግብ ፍላጎቷ ጠፍቶ ነው»

ስሙ ራሱ ያሳስታል። «አኖሬክሲያ» በግሪክኛ የምግብ ፍላጎት ማጣት ማለት ነው። ስሙን ያወጣለት ዊሊያም ገል የሚባል የለንደን ሐኪም ሲሆን ጽሑፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1874 ነው። ታማሚዎቹ ግን አብዛኞቹ ይርባቸዋል። በጣም ይርባቸዋል። ቀኑን ሙሉ የሚያስቡት ስለ ምግብ ነው። ሳምቡሳ ጠቅልላ፣ ጠብሳ፣ ለቤተሰቡ ሁሉ አድላ እሷ የማትቀምስ ልጅ ካለች ፍላጎት ያጣች አይምሰላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንሴል ኪስ የተባለ ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወንዶችን በፈቃዳቸው ለስድስት ወር ያህል ምግብ ቀንሶባቸው ነበር። ስለ ቁመናቸው የሚጨነቁ ሰዎች አልነበሩም። ሳምንታት ሲያልፉ ግን ወሬያቸው ሁሉ ምግብ ሆነ። የምግብ አሠራር መጽሐፍ የሚያሰባስቡም ነበሩ። የልብ ምታቸው ዘገመ፣ በረዳቸው፣ ተነጫነጩ፣ ከሰው ራቁ። «ጠባይዋ ተበላሸ» ከምንለው ብዙው እንግዲህ የረሃቡ ሥራ ነው።

ሽሮፑንስ? ብዙውን ጊዜ ሰው የሚጠይቀኝ መድኃኒት ለአለርጂ የተሠራ ነው። የምግብ ፍላጎት መጨመሩም፣ ማስተኛቱም የጎንዮሽ ውጤቱ ነው። የዚህች ልጅ ችግር ጉርሻው አፏ ጋ ሲደርስ የሚይዛት ፍርሃት ነው። ለእሱ ሽሮፕ የለኝም።

«ሙቀት ስለለመደች ነው የሚበርዳት»

የድሬ ልጅ ሐረር ሲወጣ ይበርደዋል፤ ደንገጎን ሳያልፍ ጃኬት ይፈልጋል። ድሬ መሃል በግንቦት መብረድ ግን ሌላ ነገር ነው። የሚያቃጥለው ያጣ ሰውነት ምድጃውን ይቀንሳል። ደሙን ከእጅና ከእግር ወደ ውስጥ ይሰበስባል፤ ጥፍር ሰማያዊ የሚሆነው ለዚህ ነው። ክንድ ላይ የሚበቅለውን ስስ ጸጉር ሐኪሞች ላኑጎ ይሉታል፤ ማህፀን ውስጥ ያለ ጽንስ ላይ የሚበቅለው ዓይነት ነው። በደንብ መብላት ሲጀመር ቀስ በቀስ ይረግፋል።

«ደሟ ተመርምሯል፣ ነጻ ናት»

ብዙ ሰው የምታዘናጋው ይህች አባባል ናት። ሰውነት የደሙን ሚዛን ለመጠበቅ ከጡንቻው እየቆረሰ እስከ መጨረሻው ይታገላል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ሁሉም «ኖርማል» ሆኖ ሰውየው በጠና ሊታመም ይችላል። ልብም ጡንቻ ነው፤ ሲራብ ይሳሳል፣ ምቱም ይዘገያል።

አንድ አባት «ምቷ እኮ በደቂቃ 45 ነው፣ የሯጭ ልብ ነው ያላት!» ብሎ በኩራት ነግሮኛል። እውነት ነው፣ የሯጭ ልብም ይዘገያል። እሱ ግን በርትቶ በአንድ ምት ብዙ ደም ስለሚረጭ ነው። የተራበ ልብ የሚዘገየው አቅም ለመቆጠብ ነው። ሯጯ ክፍል ውስጥ ወዲያ ወዲህ ብትል ምቷ እምብዛም አይጨምርም። የተራበችዋ ከአልጋ ተነስታ ጥቂት ስትራመድ እንኳ ምቷ ሊዘል ይችላል።

ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የደም ምርመራ ብቻ ይዛችሁ አትመለሱ። የልብ ምቷና የደም ግፊቷ ተኝታም ቆማም ይለካ። ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው ምርመራ) ትነሳ። ደሟ ውስጥ ያሉት ማዕድናት፣ ፖታሲየም፣ ፎስፌትና ማግኒዚየም፣ ይታዩ። ራሷን ከሳተች፣ ደረቷን ካመማት፣ ልቧ ከተዘበራረቀ፣ ከተደናገረች ወይም ውሃ እንኳ አልወርድ ካላት ግን ተራ አይጠበቅም። ድሬ ከሆናችሁ ድል ጮራ፣ ሐረር ከሆናችሁ ሕይወት ፋና፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

«አልከሳችም እኮ!»

ወፍራም የነበረ ሰው በአጭር ጊዜ ብዙ ሲቀንስ በዓይን ሲያዩት ልኩ ይመስላል። ልቡ ግን አጥንቷ ከወጣው ልጅ እኩል ሊዘገይ ይችላል። የሚያሳዝነው ደግሞ በየመንገዱ ይጨበጨብለታል። «አቦ አማረብሽ! ምን ተጠቅመሽ ነው?» ሠርግ ሲደርስማ ቀሚሱ ልክ እስኪመጣ መራብ እንደ ወግ ተይዟል።

ወንዶችም ይታመማሉ። እኛ አካባቢ ደግሞ ጫት አለ። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ስለዚህ በርጫ ላይ የዋለ ጎረምሳ እራት ባይበላ ማንም አይደነቅም። አንዱን እኔ ራሴ ለወራት አላየሁትም። «ጫቱ አድርቆኝ ነው» እያለ በየሳምንቱ የሚያስቀምጥ ኪኒን ይገዛኝ ነበር። አምኜ ሸጥኩለት። እስካሁን ይቆጨኛል።

ያ ኪኒን በዋናነት የሚሠራው ትልቁ አንጀት ላይ ነው። ምግቡ እዚያ ሲደርስ ጉልበቱን ትንሹ አንጀት መጥጦ ጨርሷል። የሚወጣው ውሃና ፖታሲየም ነው። በሚዛኑ ላይ የታየው ቅናሽ ውሃ ሲጠጣ ይመለሳል፤ የፖታሲየም መውረድ ግን ልብ ሊያቆም ይችላል።

«የወር አበባዋ ቀረ እንጂ ደህና ናት»

ረሃብ ሲበረታ አንጎል የመውለድን ሥራ ይዘጋል። ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ይወርዳል፣ አጥንት መሳሳት ይጀምራል። አጥንት በዋናነት የሚጠራቀመው ደግሞ በዚያው በጉርምስና ዕድሜ ነው። አንዳንዶች የእርግዝና መከላከያ ይሰጣቸውና ደም ሲመጣ «ተመለሰላት» ይባላል። ያ ደም የኪኒኑ ነው፤ አጥንቷን አያድንላትም። አጥንቷን የሚጠብቅላት የክብደቷና የገዛ ዑደቷ መመለስ ነው። በሌላ በኩል የወር አበባዋ ስለመጣ ሕመሙ የለባትም አይባልም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ይህን መስፈርት ከመመዘኛው አውጥቶታል። ለባለትዳሮች ደግሞ አንድ ነገር፦ ወር አበባ ቀርቶም ሊረገዝ ይችላል።

«ጾም ነው የያዘችው»

ጾም ይፈታል። ሑዳዴ ሲያልቅ ዶሮው ይቀርባል፤ ረመዳን ላይ አዛን ሲባል ቴምሩና ሳምቡሳው ይቀርባል። ፋሲካ አልፎ እሷ ሌላ ጾም ካበጀች፣ ማፍጠሪያ ላይ «በልቻለሁ» ብላ ከተነሳች፣ ነገሩ ከእምነት ወጥቷል። ቄሱም ሼኹም ሕመምተኛ አትጹም ይላሉ። ይህን ከእናት ይልቅ ከእነሱ አፍ ስትሰማው የምትቀበል ልጅ አውቃለሁ።

«ግሉኮስ ይሰካላት፣ አብልተን አብልተን እናነሳታለን»

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ለረጅም ጊዜ የተራበን ሰው በአንዴ ማጥገብ ሊገድል ይችላል። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ከእስር ነጻ ከወጡ የተራቡ ሰዎች መሃል፣ ነጻ ወጥተው፣ በልተው የሞቱ ነበሩ። ምግብ በተለይም ስኳር ሲገባ ኢንሱሊን ይነሳል፤ ሴሎች ፎስፌቱን፣ ፖታሲየሙንና ማግኒዚየሙን ከደም ውስጥ ጎርሰው ይወስዱታል። ክምችቱ ድሮ አልቋል። ልብ ይዛባል፣ መተንፈስ ይከብዳል፣ ሰው ይደናገራል። ቫይታሚን ቢ1 ሳይሰጥ ግሉኮስ ብቻ መሰካት ደግሞ አንጎልን ሊጎዳ ይችላል።

ጤና ጣቢያ የሠራ ሰው ይህን ከሌላ በኩል ያውቀዋል። በከባድ የምግብ እጥረት ለተጎዳ ሕፃን መጀመሪያ የሚሰጠው ኤፍ-75 የሚባል ቀለል ያለ ወተት ነው። ወደ ኤፍ-100 የሚሻገረው ሲረጋጋ ነው። ለአዋቂም ሐሳቡ ያው ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት በሐኪም ክትትል፣ ደም እየታየ፣ እየተጨመረ። ይህን ሰምታችሁ ደግሞ «እንግዲያው ትንሽ ትንሽ ብቻ ትብላ» ብላችሁ ወር እንዳትቆዩ። የምግቡ መጠን መጨመሩ ግድ ነው፤ ፍጥነቱን ሐኪም ይወስን።

«መብላት ከጀመረች ወዲህ ባሰባት»

ባለ ሹራቧ ልጅ ሆስፒታል ተኝታ ወጣች። ከሁለት ሳምንት በኋላ እናትየው ብቻዋን እየተቆጣች መጣች። «እግሯ አበጠ። ሆዷ ተነፋ። ሌሊት ላብ ያጠምቃታል፣ አንሶላ ነው የምቀይረው። ጸጉሯ እፍኝ እፍኝ ይረግፋል። በምክርሽ ልጄን ገደልሻት!»

መጀመሪያ ወደ ሐኪሟ መለስኳት፤ በዚያ ሰሞን የሚመጣ እብጠት መታየት አለበት። ልቧም ደሟም ደህና ሆነ። ከዚያ ቁጭ ብለን አንድ በአንድ አየነው።

እብጠቱ ውሃ ነው። ተርቦ የከረመ ሰውነት ውሃና ጨው ይቋጥራል፤ በሳምንታት ውስጥ ይለቃል። ውሃ የሚያሸና ኪኒን በራስ ገዝቶ መዋጥ ነገሩን ያባብሰዋል። ሆዷ የተነፋው ጨጓራዋ ስለዘገየ ነው። ረሃብ የጨጓራንም ጡንቻ ያደክማል፤ የበላችው ለሰዓታት እዚያው ይቀመጣል። መድኃኒቱ ያው መብላቱ ነው፤ መጠኑን ከፋፍሎ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ትንሽ ሆኖ ጉልበት ያለው ነገር። ፈጢራ በእንቁላልና በማር፣ አንድ ብርጭቆ የግመል ወተት። ላቡ ምድጃው እንደገና መለኮሱ ነው። ጸጉሩ ከወራት በፊት በረሃቡ ጊዜ የሞተው ነው አሁን የሚወድቀው፤ ከሥሩ አዲስ ይበቅላል።

ክብደቱ መጀመሪያ ሆድ አካባቢ ይከማቻል። ልጆቹን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራቸው ይህ ነው፤ ብዙዎቹ ወደ ሕመሙ የሚመለሱትም እዚህ ላይ ነው። ሰውነት መደበኛ ክብደቱን ይዞ ሲቆይ በወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በኋላ፣ ወደየቦታው ይከፋፈላል። አንዳንዶች ደግሞ ረሃባቸው ገንፍሎ ይመጣል፤ ቤተሰብ እስኪደነግጥ ይበላሉ። የሚኒሶታዎቹ ወንዶችም ሙከራው ካበቃ በኋላ ለወራት እንዲህ ሆነዋል።

እናትየው ሰምታኝ ዝም አለች። «ታዲያ ማን ነገረን?» ብቻ አለች።

«ወፈረች፣ ዳነች»

ሰውነት ይቀድማል፣ ሐሳብ ይከተላል። በረሃብ የተኮማተረ አንጎል አብዛኛውን ይመለሳል፤ ፍርሃቱ ግን ክብደቱ ከተመለሰ በኋላ ለወራት ሊቆይ ይችላል። በዚያ ወቅት «ተርፋለች» ብሎ ክትትል ማቋረጥ ዋናው ስህተት ነው። «አይድንም» የሚለውም ስህተት ነው። ከ20 ዓመት በላይ ክትትል ከተደረገላቸው ታማሚዎች ወደ ሁለት ሦስተኛው አገግመዋል፤ አንዳንዶቹ ከአሥር ዓመት በኋላ።

ለታዳጊዎች ጥሩ ውጤት ካሳዩት ሕክምናዎች አንዱ ለንደን ሞድስሊ ሆስፒታል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተጀመረው ነው። ወላጆች ለጊዜው የምግቡን ኃላፊነት ሙሉ በሙሉ ይረከባሉ። እኛ ጉርሻ ለለመድን ሰዎች ቀላል ይመስላል። ግን ጉርሻ በግድ አፍ ውስጥ መክተት ወይም «ለእኔ ስትይ» ብሎ ማልቀስ ጦርነት ያመጣል። አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ ስልክ አጥፍቶ፣ ሳይከራከሩ፣ ሳህኑ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው። ሰዓት ይፈጃል። ለጎረቤት ደግሞ አንድ ልመና አለኝ፦ «ወፈርሽ፣ ተመቸሽ!» አትበሏት። ምርቃት መሆኑን አውቃለሁ፤ እሷ ግን ለዚያች ቃል ስትል ምሳዋን ልትተው ትችላለች።

ባለፈው ሳምንት እናትየው የራስ ምታት ኪኒን ልትገዛ ብቅ አለች።

«ልጅቷስ?»

«ትጨቃጨቀኛለች፣ ትበላለች። ትጨቃጨቀኛለች፣ ትበላለች።»

«ሹራቡስ?»

«ማታ ማታ ብቻ» አለችኝ፣ ፊቷን በነጠላዋ እያራገበች።