ቡና ቁርስ ምንድን ነው?

ባለፈው ክረምት የአጎቴ ልጅ ሐዋሳ መጣ። ውጭ አገር ነው ያደገው። አማርኛው ጥሩ ነው፤ ግን ቃላቱን አንድ በአንድ ነው የሚተረጉማቸው። ከሰዓት አሥር ሰዓት ላይ እማዬ ረከቦቱን ዘርግታ፣ እኔን ወደ ጓዳ ዞር ብላ «ቡና ቁርሱን አምጪው» አለችኝ። ልጁ ሰዓቱን አየ። ከዚያ በጣም በትሕትና ጠየቀ፦ «ቁርስ አሁን ነው እንዴ የሚበላው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ማታ ሳስበው ግን ጥያቄው የሚያስቅ አልነበረም። ዕድሜ ልካችንን የምንለውን ነገር ምን እንደሆነ ንገሪኝ ብባል፣ ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም ነበር።

ከቃሉ እንጀምር። «ቁርስ» የመጣው «ቆረሰ» ከሚለው ግስ ነው። ዳቦ ይቆረሳል፤ የተቆረሰው ቁራሽ ይባላል። ጠዋት መጀመሪያ የምንቀምሳት ነገር ቁርስ የተባለችው በዚህ ነው። ስለዚህ በ«ቡና ቁርስ» ውስጥ ያለው ቁርስ ጠዋትን አይመለከትም። ለቡና ተብሎ የሚቆረስ፣ የሚቀመስ ማለት ነው። ጠዋትም ይሁን ማታ፣ ጀበናው ከተጣደ ቡና ቁርስ አለ።

ምን እንደሆነ በአጭሩ ልበል። ከቡና ጋር የሚቀርብ፣ በእጅ የሚዘገን ወይም የሚቆረስ፣ ሆድ የማይሞላ ነገር ነው። ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ነፍሮ፣ ዳቦ፣ አምባሻ፣ ዳቦ ቆሎ። ሆድ የማይሞላ የሚለው ላይ ይሰመርልኝ። እንጀራ በወጥ ከቀረበ ያ ምሳ ወይም መክሰስ ነው፤ ቡና ቁርስ አይባልም።

ለምን አስፈለገ? አንደኛው ምክንያት ጨጓራ ነው። ቡና የጨጓራን አሲድ ያነሳሳል። ባዶ ሆድ ላይ ሲወርድ ብዙ ሰው ያቃጥለዋል። እማዬ ይህን ከሐኪም አልሰማችም፤ «ባዶውን አትጠጡት» የምትለው ከእናቷ ሰምታ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጊዜ ነው። እኔ የማምነው በዚህኛው ነው። ቡናው ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ጭሱ ለእንግዳ ይዞራል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል። ከዚያ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሦስቱም ከአንድ ጀበና ነው፤ በየዙሩ ውሃ እየተጨመረ ይቀጥናል። ይህ ሁሉ እስኪያልቅ አንድ ሰዓት ተኩል በቀላሉ ይሄዳል። ስኒዋ ግን ትንሽ ናት። አምስት ስድስት ፉት ብትል ነው። ታዲያ በመሃል ያለውን ጊዜ እጅ ምን ይሥራ? ቆሎ ይዝገን።

ከሁሉም የቆየው ቆሎ ይመስለኛል። ገብሱ ረጠብ ተደርጎ በሙቀጫ ይፈተጋል። ገለባው ይነፋል። ከዚያ በምጣድ ላይ ይታመሳል፤ እጅ ካረፈ ያራል። ሽምብራ ይገባበታል፣ ሱፍ ይገባበታል፣ ኪስ ሲፈቅድ ኦቾሎኒ። ልጆች ኦቾሎኒውን እየለቀሙ ገብሱን ለአዋቂ ይተዋሉ። እኛም እንደዚያው ነበርን። ከአንድ እፍኝ ቆሎ እየተካፈሉ ላደጉ ሰዎች አማርኛ «የቆሎ ጓደኛ» የሚል ስም አለው፤ «የሥጋ ጓደኛ» ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም።

ፈንዲሻ አዲስ መጥ ነው። በቆሎ መነሻው የአሜሪካ አህጉር ነውና እኛ ጋ ከደረሰ ጥቂት መቶ ዓመታት ቢሆነው ነው። ገብስ ይህን ሲሰማ ሳይስቅ አይቀርም። ግን አዲስ መጡ ቤቱን ወረሰው። ዛሬ ቡና ያለ ፈንዲሻ የተጓደለ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በበዓል ቀን በቄጠማው ላይ ይበተናል፤ ልጆች እየተንበረከኩ ይለቅማሉ።

ስሙ «ፈነዳ» ከሚለው ጋር የተያያዘ ነው፤ ሥራውም እሱው ነው። ለፈንዲሻ የሚሆነው በቆሎ ከተራው ይለያል። ፍሬው ትንሽ ነው፤ ቅርፊቱ ጠንካራ ነው። ውስጡ 14 በመቶ ገደማ ውሃ አለ። ድስቱ ሲግል ውሃው እንፋሎት ይሆናል፤ መውጫ ግን የለውም። ሙቀቱ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ቅርፊቱ አልችል ብሎ ይሰነጠቃል። ውስጡ ያለው ለስላሳ ነገር ወጥቶ እንደ አረፋ ይደርቃል። ያ ነጩ ነው።

ይህን ያወቅሁት በንዴት ነው። አንድ ጊዜ ከአንድ ሱቅ ሁለት ኪሎ ገዛሁ። ቤቴ እንግዳ ሞልቷል። ድስቱን ከደንኩ። ጠበቅሁ። ጠብ ጠብ አለና ጸጥ። ከፈት ሳደርገው ግማሹ ጠቁሮ የተቀመጠ ጠጠር ነው። በቆሎው ከርሞ ውሃው አልቋል፤ እንፋሎት ከየት ይምጣ? ያን ዕለት እንግዶቼ ብስኩት በሉ። በኋላ አንዲት ጎረቤት መላውን ነገረችኝ። በቆሎውን ክዳን ባለው ዕቃ አድርገሽ ትንሽ ውሃ ረጨት አድርጊበት፣ ደህና አድርገሽ ናጪው፣ ሁለት ሦስት ቀን ከድነሽ ተዪው አለችኝ። ሠራ።

ነፍሮ ሌላ ዓለም ነው። ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አንዳንዴም በቆሎ ተቀቅሎ ይቀርባል። ዝናብ ሲዘንብ ትኩስ ነፍሮ በጨው የመሰለ ነገር የለም። ነገር ግን ነፍሮ የለቅሶ ቤት ምግብም ነው። ከቀብር መልስ የሚዘገነው እሱ ነው። በጸሎተ ሐሙስ የሚቀቀለው ጉልባንም የነፍሮ ወገን ነው። ለቅሶ ቤት ውስጥ ቡና ይፈላል፣ ነፍሮ ይዞራል። ፈንዲሻ ሲፈነዳ ግን አይቼ አላውቅም። ማንም ክልክል ነው ብሎ አልደነገገም። ያ ጠብ ጠብ የሚለው ድምፅ የደስታ ስለሆነ ይመስለኛል።

ሐዋሳ ላይ ዝርዝሩ ይረዝማል። የተቀቀለ ስኳር ድንች አለ። ክረምት ሲወጣ የበቆሎ እሸት አለ፤ ተጠብሶም ተቀቅሎም። ከሲዳማ ጎረቤቶቻችን ቤት ደግሞ ዋሳ ይመጣል። ሌላው ሰው ቆጮ የሚለው ነው፤ ከእንሰት ተፍቆ፣ ተቀብሮ ተብላልቶ የሚጋገር። ትኩሱን ቁራሽ ከአቦል ጋር ያልሞከረ ሐዋሳ መጥቻለሁ እንዳይል። ዋሳው በቅቤ ተለውሶ ቡሪሳሜ ሲሆን ግን ቡና ቁርስ ብላችሁ እንዳትጠሩት። እሱ ሻፌታ በሚባል የሸክላ ዕቃ ቀርቦ ሰው ከብቦት የሚበላ፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነው የፍቼ ጫምባላላ የክብር ምግብ ነው። ባለቤቱ ባይቆጣም ይስቅባችኋል።

ወደ ጉጂና ቦረና ከተሄደ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ «ቡና ቀላ» የሚባል አለ። የቡናው ፍሬ እንዳለ በቅቤ ይጠበስና ይበላል። ቡናው ራሱ ቁርስ ሆነ ማለት ነው። የአጎቴ ልጅ ይህን ስነግረው ደብተር አወጣ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እኔ ያደግሁት ከታቦር ተራራ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ አራት ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ነው። እማዬ ኦርቶዶክስ ናት። ከእኛ ቀጥሎ ያሉት ሙስሊም ናቸው። ከበሩ አጠገብ ያሉት ጴንጤዎች ናቸው። አራተኛው ቤት ተከራይ ነበር፤ ይቀያየራል። ቡናው በተራ ይፈላል። ጴንጤዋ ጎረቤታችን ዕጣን አታጨስም። እማዬ ያለ ዕጣን ቡና ቡና አይመስላትም። ረመዳን ሲገባ የቡናው ሰዓት ዞሮ ማታ፣ ከአፍጥር በኋላ ይሆናል፤ ያኔ ሳምቡሳም ቡና ቁርስ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን ሙሉ ከእኛ ቤት ቅቤና ወተት ይጠፋል። ረቡዕና ዓርብም እንዲሁ።

ሥጋው ደግሞ የታወቀ ነው። የክርስቲያን ሥጋ አለ፣ የሙስሊም ሥጋ አለ። በበዓል ቀን ለጎረቤት ተብሎ በግ ለብቻው በራሳቸው እጅ ይታረዳል፣ ወይ ዶሮ በቁሟ ይላካል። ይህ ሁሉ ፍቅር ነው። ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ቆሎ ጥንቃቄ አይፈልግም። አይታረድ፣ ቅቤ አይነካው። ጿሚም፣ የማይጾምም እጁን ይሰዳል። አንድ ሳህን መሃል ላይ ይቀመጣል፤ የአራት ቤት ሰው ከዚያ ይዘግናል። ቡና ቁርስ ዝም ብሎ ጥራጥሬ የሆነው ድህነት ስላለ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ማንም «እኔን አይመለከተኝም» የማይለው ምግብ ስለሆነም ነው። ይህን ማንም ተሰብስቦ አልወሰነውም። በየግቢው እንዲሁ ሆነ።

ቡና ቁርስ ስለ ቤቱም ይናገራል። ደመወዝ የወጣ ሰሞን ዳቦው ወፍራም ነው፤ ቆሎው ውስጥ ኦቾሎኒ ይበዛል። ወሩ ሲያልቅ ኦቾሎኒው ይጠፋና ሽምብራው ይበረክታል። እንግዶች ያያሉ፤ ግን አያነሱም። ባለቤቷም «ቤት ያፈራውን ቅመሱ» ትላለች። ይህች ዓረፍተ ነገር ድፎ ዳቦ ሲቀርብም አንድ እፍኝ ሽምብራ ሲቀርብም አንድ ናት። ድፎው ሲሆን ከመቆረሱ በፊት ትልቅ ሰው ይመርቅበታል። ለሽምብራ ምርቃቱ በረካው ላይ ይመጣል።

ልጆች ሳህኑ ዘንድ አይቀርቡም፤ መዳፍ ይዘረጋሉ። በሁለት እጅ። በአንድ እጅ የተቀበለ በዓይን ይገረፋል። እኛ ቤት የጥሪው ሥራም የልጅ ነበር። «እማዬ ቡና ጠጡ ብላለች» ብሎ በየበሩ መሮጥ ነው። ክፍያው መዳፍ ሙሉ ፈንዲሻ ነው። ቡናው ራሱ አይሰጠንም። ስለዚህ እስከ አሥራ አምስት ዓመቴ ድረስ «ቡና» ማለት ለእኔ ፈንዲሻ ማለት ነበር።

መንገድ ላይ ያለው የጀበና ቡና ግን ሌላ ነው። ሐዋሳ ሐይቁ ዳር፣ መናኸሪያው አካባቢ፣ በየጥጉ ቄጠማ የተጎዘጎዘበት አለ። ዱካ ላይ ቁጭ ትላለህ፤ አንዲት ስኒ፣ ከፈለግህ ትንሽ ፈንዲሻ። ቡናው ጥሩ ነው። ግን አንዷን ጠጥተህ ትነሳለህ። ሁለተኛ ዙር የለም፤ ስለዚህ ቡና ቁርሱም ለአፍ ያህል ናት። ይህን የምለው ለማጣጣል አይደለም፤ እኔም በሳምንት አምስት ቀን እዚያ ነኝ።

አንድ ትርጉም ይቀራል። «የቡና ቁርስ አደረጉት» ሲባል ሰምታችኋል? ሰው ነው የተበላው። ሦስት ዙር ሙሉ ቆሎ ብቻ አይበቃም፤ ወሬም ይዘገናል። አንድ ሰው በሌለበት ቡና ላይ ከተነሳ፣ ከየት መጣ፣ ምን ይሠራል፣ ለምን አላገባም ከተባለ፣ እሱ የዚያ ቀን ቡና ቁርስ ነው። አንዳንዱ ሐሜት ይመርራል። አብዛኛው ግን እንደ ፈንዲሻ ነው፤ ብዙ ይመስላል፣ ሲታኘክ የለም።

የአጎቴ ልጅ ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው አሞራ ገደል ዓሣ ሊበላ ወጣ። ሲመለስ ሴቶቹ በረካ ላይ ናቸው። በሩን ሲከፍት ቤቱ ጸጥ አለ። አንዷ ነጠላዋን አስተካከለች። ሌላዋ ስኒዋ ውስጥ የሆነ ነገር ትፈልግ ጀመር። እሱ ሁሉንም በተራ አያቸውና «ምን ሆናችሁ?» አለ።

እማዬ ሳህኑን ሳበች። «ምንም፤ ና፣ እጅህን ዘርጋ» አለችው። በሁለት እጁ ተቀበለ።